ዋይፋዩ ያልደረሰበት ጓዳ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ለስላሳና ዳቦ አቀረበ፤ አለቃዬም ተነሥቶ «በሥራ ዘመኑ አንድም የደንበኛ ቅሬታ ያልቀረበበት ባለሙያ» ብሎ አመሰገነኝ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ጫማዬን እያየሁ ቆምኩ። ቅሬታ እንዳልቀረበብኝ እውነት ነው። ያልቀረበብኝ ግን ጥፋት ስላልነበረኝ ሳይሆን የተጎዱት ሰዎች ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ዘግይተው ስላወቁ፣ አውቀውም ስላልከሰሱኝ ነው። «ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ» ይባላል። የነበርኩትም የቀበርኩትም እኔ ስለሆንኩ ሌላ ሰው እስኪናገርልኝ አልጠብቅም።

ባሌ የገባሁት መንግሥት በተለወጠ ብዙም ሳይቆይ ነው። ደብረ ብርሃን ተወልጄ፣ ናዝሬት ጥቂት ሠርቼ፣ በስልክ ጥገና ሠራተኛነት ጊኒር ተመደብኩ። የዝውውሩ ደብዳቤ ሲደርሰኝ እንደ ቅጣት ነበር የቆጠርኩት። ኦሮምኛ ከሰላምታ በቀር አልችልም፤ ዘመድ የለኝ፣ የማውቀው ሰው የለኝ። የተቀበሉኝ አንጋፋው ቴክኒሻን ኦቦ ቃሲም ነበሩ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ፕላስና መዶሻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የሚይዙ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ሳጥኔን አስከፍተው እያንዳንዱን መሣሪያ ካዩ በኋላ «መሣሪያህ ደህና ነው፤ አንተን ደግሞ እናያለን» አሉኝ።

ያኔ ስልክ ማለት ሽቦ ነው። ከምሰሶ ምሰሶ ትስባለህ፣ ግድግዳ ትበሳለህ፣ ታስገባለህ። ኦቦ ቃሲም ግድግዳ ከመብሳታቸው በፊት በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። ጭቃው፣ እንጨቱ፣ ድንጋዩ የየራሱ ድምፅ አለው ይሉ ነበር። ሲጨርሱ ደግሞ ስልኩን ራሳቸው አይሞክሩትም። ባለቤቱን «የት ተቀምጠው ነው የሚያወሩት?» ብለው ይጠይቁና እዚያው አስቀምጠው ለሰው ያስደውሏቸዋል። «አንተ ሰማኸው ማለት እሳቸው ሰሙት ማለት አይደለም» ይሉኛል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላው ልማዳቸው ነው። ሥራው ሳያልቅ እህል ውሃ አይቀምሱም። ባሌ ውስጥ እንግዳ ገብቶ ሳይቀምስ ማሠራት ነውር ነው፤ እርጎ ይቀርባል፣ ቅቤ የዋጠ ገንፎ ይቀርባል። ኦቦ ቃሲም «እጄ ሥራ ላይ ነው፤ ይቀመጥልኝ» ብለው በእርጋታ ይመልሱታል። አንድ ቀን አንዲት የጊኒር ባልቴት ፊታቸው ሲጠቁር አይቼ ከወጣን በኋላ ጠየቅኋቸው።

«ኦቦ ቃሲም፣ ሴትዮዋ ተቀየሙ እኮ። አንድ ጉንጭ ብንቀምስላቸው ምን ነበረበት?»

«ቅያሜያቸው እስክንጨርስ ነው፤ ኋላ ስንበላላቸው በረደ። በልተህ ግን ‹እማማ፣ ስልኩን እዚህ ማድረግ አይሆንም› ለማለት አፍህ ይታሰራል። ክፉውን ቃል መጀመሪያ ተናገር፣ ከዚያ ብላ» አሉኝ። ያኔ የሽማግሌ ግትርነት ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ከጊኒር ወደ ጋሰራ፣ ከጋሰራ ወደ ሮቤ፣ ከሮቤ ወደ ጎባ ተዛወርኩ። የጋሰራ ጭቃ ጫማዬን እየነጠቀ ስንት ቀን በካልሲ እንዳስኬደኝ እኔ ነኝ የማውቀው። አለቆችም ተፈራረቁብኝ። አንዱ ሪፖርቱ ከሞላ መስመሩ ቢሠራ ባይሠራ ግድ የለውም፤ አንዱ ደግሞ ስብሰባ እንጂ ሥራ አያውቅም ነበር። ደመወዙ ልጆች አሳድጎልኛል፤ ከዚህ በላይ አልለውም። ኦሮምኛውን ተማርኩ፤ እያደር አገሩም የእኔ ሆነ። ኦቦ ቃሲም ጡረታ ወጡ፣ ጊኒር ላይ አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ። እኔም በተራዬ አንጋፋ ተባልኩ።

ሚሌኒየሙ ካለፈ በኋላ ዋይፋይ የሚባል ነገር መጣና የሽቦውን ሰው እንደገና ተማሪ አደረገኝ። ሰው ዋይፋይንና ኢንተርኔትን አንድ አድርጎ ያያል፤ ሁለት ናቸው። ኢንተርኔቱ የሚመጣው እንደ ድሮው በስልክ ሽቦ ነው፣ እስከ ቤቱ ግድግዳ። እዚያ ራውተር የምንለው ትንሽ ሳጥን ይቀበለዋል። ዋይፋይ ማለት ከሳጥኑ እስከ እጃችን ያለችው አጭር መንገድ ብቻ ናት፤ እሷም በሬዲዮ ሞገድ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ሳጥኑ በቤት ውስጥ ያለ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ከሬዲዮ የሚለየው ንግግሩ በሁለት ወገን መሆኑ ነው፤ እሱ ይናገራል፣ በእጅህ ያለው ስልክም ይመልስለታል። የስልኩ ድምፅ ደግሞ ደካማ ነው። ሳጥኑ ሊሰማህ ካልቻለ አንተ ብትሰማው ዋጋ የለውም።

ይህ ሞገድ በአየር ሲሄድ ያገኘውን ሁሉ አይደፍርም። የጭቃ ግድግዳ ያደክመዋል እንጂ አይከለክለውም። ብሎኬት ይብስበታል። ቆርቆሮ ግን ይመልሰዋል፤ መስታወትም ከጀርባው በተቀባው ብረት ምክንያት እንደዚያው ነው። ስለዚህ ራውተር ከፍ ብሎ፣ ተገልጦ፣ ወደ ቤቱ መሐል ይቀመጣል። ከዚያ ስልክህን ይዘህ ክፍል በክፍል ትዞራለህ፤ በሩን ከፍተህም ዘግተህም ታያለህ። ሥራው ይኸው ነው፤ ሕፃን ይረዳዋል። የሚያስቸግረው ሰዉ ነበር።

ባሌ ውስጥ የከበረ ዕቃ ቦታው ሳሎን ያለው ቡፌ ነው። ሲኒው፣ የሐጅ ማስታወሻው፣ የልጅ ምረቃ ፎቶ፣ ሁሉም ጀርባው መስታወት በሆነው ቡፌ ውስጥ ይደረደራል። ራውተሩም በአቅሙ የከበረ እንግዳ ነውና ዳንቴል ለብሶ እዚያው ይገባል፤ ልጆች እንዳይነኩት የሚቆለፍበትም አለ። ስንቱን ቤት ለምኜ፣ ስንቱን ተቆጥቼ ከቡፌ አስወጥቼዋለሁ። አንዱን ቤት ግን ዝም አልኩ።

የጎባው ሐጂ ከድር ቢሮ ድረስ የመጡት በሰው ተደግፈው ነበር። የታወቁ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ድሮ ሙሉ ሰው ነበሩ፣ አሁን በሽታ ጨርሷቸዋል። ሐኪሞቹ ቤታቸው ሄደው እንዲያርፉ ነግረዋቸዋል። ሐጂ ወንበር ስበው ቀስ ብለው ተቀመጡና ጉዳያቸውን ሳይሸፍኑ ነገሩኝ።

«ልጄ ዘይነባ ጅዳ ናት። ስትሄድ አልፈቀድኩላትም። ‹ከሄድሽ ልጄ አይደለሽም› አልኳት፤ ሄደች። ሦስት ዓመት አልተነጋገርንም። አሁን አላህ ሳይወስደኝ ፊቷን እያየሁ አውፍ ልላት እፈልጋለሁ። በድምፅ ብቻ አይሆንም፤ ፊቴን ሳታይ አታምነኝም፣ እኔን ነው የመሰለችው። ይህን ትሠራልኛለህ?»

«እሠራለሁ፣ ሐጂ» አልኳቸው። አውፍታ እዚህ አገር ቀላል ነገር አይደለም። አባት ልጁን ይቅር ሳይል ቢሞት ልጅ ዕድሜ ልኳን ትሸከመዋለች።

በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ሄድኩ። ገና ከመግባቴ ባለቤታቸው አደ ፋጡማ «ኮቱ፣ ታኢ»፣ ና ተቀመጥ ብለው አስቀመጡኝ፤ ገንፎው መሐሉ ላይ ቅቤው እንደ ኩሬ ቆሟል። ሐጂም ሳሎን ተደግፈው ተቀምጠው «ብላ ልጄ፤ የመጨረሻ እንግዳዬ ብትሆንስ?» አሉኝ። ምን ይባላል? በላሁ፤ እርጎውንም ጠጣሁ። ከዚያ ሽቦውን አስገባሁ፣ ራውተሩን አበራሁ። ቦታ ስፈልግ አደ ፋጡማ ቡፌውን ከፍተው፣ ሲኒዎቹን ገፋ አድርገው፣ አዲስ ዳንቴል አንጥፈው ጠበቁኝ። «የልጄ ፊት የሚመጣበት ዕቃ ነው፤ እዚህ ይሁን» አሉ።

አይሆንም ማለት ነበረብኝ። እጄ ላይ ገና የቅቤው ሽታ አለ፤ ሴትዮዋም በደስታ ፊታቸው በርቷል። አንደበቴ ተያዘ። ቡፌው ውስጥ አስቀመጥኩት። ሳሎኑ መሐል ቆሜ ስልኬን ስሞክር ምልክቱ ሙሉ ነው። ሐጂ የሚተኙት ከቡፌው ጀርባ ባለው ጓዳ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሐጂ ሳሎን ተቀምጠው እያየሁ፣ የታመመ ሰው መኝታ ቤት ገብቶ መመልከት ደፋርነት መሰለኝ። ጓዳው ከውስጥ ኮምፔርሳቶ ለብሶ ቀለም ተቀብቷል፤ በሩ ላሜራ ነው። ይህን ሁሉ ከደጅ ሆኜ አየሁና ተሰናበትኩ።

ሐጂ በዚያው ሰሞን ከአልጋ መነሣት አቃታቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ መሞታቸውን ሰማሁና ለተዕዚያ ሄድኩ። ሴቶቹ ሳሎን ስለነበሩ አደ ፋጡማ እኔን ጓዳ አስገብተው የሐጂ አልጋ አጠገብ አስቀመጡኝ። እጄን ይዘው ያመሰግኑኝ ጀመር።

«አንተ ባትኖር ሳያያት ይሞት ነበር። እዚህ አልጋ ላይ ሆኖ ነው ያወራት። መጀመሪያ ዝም ብለው ተያዩ፤ አልቻለም፣ አለቀሰ። ‹የእኔና የልጄን ቃል ሰው አይስማብኝ› ብሎ በሩን በእጁ ጠቆመኝ፤ ዘጋሁት። ከዚያ ሁሉንም ነገራት። ‹አውፍ ብዬሻለሁ፣ አንቺም አውፍ በይኝ፤ የጠራሁሽን ስም አላህ ያጥፋው› አላት። ቃሉን ተናግሮ፣ ልቡ ቀልሎት ነው ያረፈው።»

«እሷስ ምን አለች?» አልኳቸው።

አደ ፋጡማ እጄን ለቀቁት። «አንድ ቃል አልመለሰችም። ፊቷን እንዳቀናች፣ ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። እንባ እንኳን የላትም። ከዚያ ዘጋችው። እኔ ከአንጀቴ እንዲህ ያለ ድንጋይ መውለዴን አላውቅም ነበር።»

በዚያው ቅጽበት አንዲት ሴት ብርዱን ሸሽታ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። ስልኬን አውጥቼ አየሁ። የዋይፋዩ ምልክት ቀነሰ፤ ጠፋ። ግድግዳውን በጣቴ አንጓ አንኳኳሁ። ከኮምፔርሳቶው ኋላ ያለው ቆርቆሮ ነው፤ ጓዳው ኋላ የተቀጠለ ነበር። በአንድ በኩል የቡፌው መስታወት፣ በዙሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ላሜራ። በሩ ክፍት ሲሆን ሞገዱ በዚያች ክፍተት ሾልኮ ይገባል፤ ሲዘጋ ምንም የለም። ሐጂ አውፍ ያሉት ቆሞ ለቀረ ምስል ነው። ስልክ ግንኙነቱ ሲቋረጥ የመጨረሻውን ፊት እንደያዘ ጥቂት ይቆያል፤ ከታች በእንግሊዝኛ ትንሽ ጽሑፍ ያወጣል። ማን ያነበዋል? ዘይነባ አንዱንም ቃል አልሰማችም።

እዚያው መናገር ነበረብኝ። ለቀስተኛው ተሰብስቧል፣ ምስጋናው ገና ጆሮዬ ላይ ነው፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጅዎ አልሰማችም» ብል የሐጂን የመጨረሻ ቃል ከንቱ ማድረግ መሰለኝ። ለእሳቸው ያዘንኩ አስመስዬ ለራሴ አዘንኩ። «አላህ ይርሐማቸው» ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ። ራውተሩን እንኳን ከቡፌው አላወጣሁትም፤ ማውጣቱ ራሱ ይናገርብኝ ነበር። ፈሪ ሆንኩ፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። ዘይነባ በየወሩ ለእናቷ በዘመድ በኩል ገንዘብ ትልካለች፣ ከሰላምታ በላይ ግን አይነጋገሩም ሲባል እሰማለሁ። የአደ ፋጡማን ቤት በሩቁ ነበር የማልፈው። ሌላ ሰው ቤት ሥራ ስሄድ እህል ሳልቀምስ መሥራት፣ መኝታ ቤት ሳይቀር ገብቼ በር እየዘጋሁ መሞከር ጀመርኩ። ሰው «ከእርጅና ጋር ጠንቃቃ ሆነ» ይለኛል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አንድ ጠዋት የሥራ ማዘዣ ተሰጠኝ፤ «ጎባ፣ የሐጂ ከድር ቤት፣ ዋይፋይ ጓዳ አይደርስም» ይላል። አስመዝጋቢዋ ዘይነባ ከድር። ከጅዳ ተመልሳ ኖሯል። ለሌላ ሰው ልሰጠው አስቤ ነበር፤ ዕድሜ ልኬን አላመልጠውም ብዬ ሄድኩ።

በሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት። የአባቷ ግንባር፣ የአባቷ ዓይን። አደ ፋጡማ ሳሎን ተቀምጠዋል፤ እናትና ልጅ አንድ ቤት ሆነው የማይተያዩ መሆናቸው ያስታውቃል። ገንፎ ሊያቀርቡልኝ ተነሡ።

«ይቀመጥልኝ፣ አደ ፋጡማ። መጀመሪያ ክፉ ነገር ልናገር ነው» አልኳቸው። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞርኩ። «ዘይነባ፣ አባትሽ ያነጋገሩሽ ቀን መጨረሻ ያየሽው ምንድን ነው?»

ፊቷ ተለወጠ። «ያለቅስ ነበር። ከዚያ ፊቱን አዞረ፤ እጁን እንዲህ አድርጎ ወረወረ፣ ውሰዱልኝ እንደሚል ሰው። ተቋረጠ። ዘጋብኝ። ስልኬን አጥፍቼ ሦስት ቀን አልከፈትኩትም። ስከፍተው ሞቷል» አለች።

«ዋሸሽ። ሁሉንም ነገረሽ፤ ድንጋይ ሆነሽ ሰማሽው» አሉ አደ ፋጡማ።

«እማ፣ እኔን ለማጽናናት የምትፈጥሪውን ተይ።»

«ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው። ላሳያችሁ» አልኳቸው። ዘይነባን ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ አውሪ ብዬ ሳሎን መሐል አቆምኳት። አደ ፋጡማን ጓዳ አስገብቼ የሐጂ አልጋ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ስልካቸውን በእጃቸው አስያዝኳቸው። ዘይነባ በምስል ደወለች፤ የእናትና የልጅ ፊት ተገናኘ። ከዚያ እኔም ከእሳቸው ጋር ውስጥ ሆኜ ላሜራውን በር ዘጋሁት።

ስልኩ ላይ የዘይነባ ፊት ቀጥ አለ። ዓይኗ ተገልጧል፣ ከንፈሯ ገጥሟል። አደ ፋጡማ «ዘይነባ» አሉ። ዝም። «ዘይነባ፣ ኢልሜ ኮ»፣ ልጄ አሉ። ዝም።

«እያየችኝ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ፣ ስልኩን ወደ እኔ አዙረው።

«አይደለም፣ አደ ፋጡማ። አታይዎትም፣ አትሰማዎትምም። ይህ የቆመ ምስል ነው። ያን ቀንም እንደዚህ ነበር።»

በሩን ከፈትኩት። ዘይነባ ሳሎን መሐል ቆማ «እማ፣ ሄሎ፣ እማ፣ ትሰሚኛለሽ?» እያለች በዝግታ ትጣራለች። አደ ፋጡማ ስልኩ ላይ ያለውን ዝም ያለ ፊት አዩ፤ ቀና ብለው የሚናገረውን ፊት አዩ። ብድግ ሲሉ ልጅቷ ሮጣ ደረሰችላቸው። «አውፍ በይኝ፣ ልጄ፣ አውፍ በይኝ፤ ድንጋይ አልኩሽ» ይላሉ። ዘይነባ እናቷን ጭብጥ አድርጋ ይዛ «ምን አለኝ? እማ፣ አባባ ምን አለኝ?» ትላለች። አደ ፋጡማ የሐጂን ቃል አንድ በአንድ ነገሯት። እኔ ደጅ ወጥቼ ግንቡ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ።

ቆይተው ሲጠሩኝ ገብቼ ሥራዬን ሠራሁ። ራውተሩን ከቡፌው አውጥቼ ከጓዳው በር በላይ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት፤ ለጓዳውም ቆርቆሮውን በስቼ ሽቦ አሳልፌ ሁለተኛ ሳጥን አደረግሁ። በር ዘግቼ ዘይነባን ራሷን አልጋው ላይ አስቀምጬ አስሞከርኳት። ሠራ። ዕቃዬን ስሰበስብ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ጋሼ፣ መቼ ነው ያወቁት?»

«በአባትሽ ተዕዚያ ላይ።»

«አውፍ በይኝ፣ ልጄ» አልኳት።

«ራውተሩን ስላስቀመጡበት ቦታ አውፍ ብዬዎታለሁ፤ ሰው ይሳሳታል። ሁለቱን ዓመት ግን አሁን አልችልም። አባቴን ጠልቼ ነው የኖርኩት፣ ጋሼ። ጊዜ ይስጡኝ።»

«እሺ» አልኳት።

ጡረታ የወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጭብጨባውንም ምስክር ወረቀቱንም ይዤ ቤቴ ገባሁ። ባለፈው ሰሞን ጎባ ገበያ ላይ ዘይነባን ከእናቷ ጋር ሽንኩርት ስትመርጥ አገኘኋት። አደ ፋጡማ እጄን ስመው፣ ልጆቼን አንድ በአንድ ጠይቀው፣ ቤት ካልመጣህ ብለው ተቆጡኝ። ዘይነባ ዘንቢሏን እንደያዘች በአክብሮት ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። ዓይን ዓይኗን ሳይ ገባት።

«ገና ነው፣ ጋሼ» አለችኝ።

«እሺ ልጄ» አልኳት።